ዋናውን ያላነበበው ተርጓሚ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅሮ አገኘሁትና «ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት። «ዋይን እየጫንኩ ነው ጋሼ» አለኝ። መቼም በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ወይን የሚጫነው በመኪና ነው። ነገሩ ግን ሌላ ኖሯል። የልጁ ኮምፒዩተር የሚሠራው በሊኑክስ ነው፤ የሚወዳቸው ጌሞች ደግሞ ለዊንዶውስ የተጻፉ ናቸው። ዋይን የሚባለው ሶፍትዌር መካከላቸው ቁጭ ብሎ ያስተረጉማል።

ማስተርጎም ሲባል ጆሮዬን አቆምኩ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከተማሪ ጋር የተጣላሁት በትርጉም ነዋ! እናላችሁ፣ ልጁ ጌሙን ሲጫወት እኔ ተርጓሚውን ልመረምር ተቀመጥኩ።

ስሙ «ዋይን አስመሳይ አይደለም» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ያጠረ ነው። ጥሩ ጉራ ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን 1.0 የተባለው እትም የወጣው በ2008 ነው። አሥራ አምስት ዓመት! ጌሙ «መስኮት ክፈት፣ ፋይል አምጣ» እያለ በዊንዶውስ ወግ ያዛል፤ ዋይን ትዕዛዙን ተቀብሎ ሊኑክስ በሚገባው መንገድ ያስፈጽማል። ቫልቭ የተባለው የጌም ኩባንያ ደግሞ ይህንኑ አዳብሮ በ2018 ፕሮቶን ብሎ አወጣው፤ ስቲም ዴክ የሚባለው በእጅ የሚያዝ መጫወቻው ጌሞቹን የሚያስኬደው በዚሁ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የማይክሮሶፍትን የፕሮግራም ጽሑፍ ያየ ሰው ዋይን ላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ሰረቃችሁ ተብሎ ክስ ይመጣላ! ስለዚህ ተርጓሚዎቹ ዋናውን ሳያነቡ፣ ሲጠሩት እንዴት አቤት እንደሚል ብቻ እያዳመጡ ነው የሚጽፉት። ይባስ ብሎ ዊንዶውስ ስህተት አለበት፤ ብዙ ፕሮግራሞችም ያንን ስህተት ተማምነው የተጻፉ ናቸው። ዋይን «ላርመው» ቢል ፕሮግራሙ ይወድቃል። እናም ስህተቱን ከነስህተቱ ያመጣዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። ገጸ ባሕርይው በእንግሊዝኛ የሰበረውን ሰዋስው፣ በአማርኛም ሰብሮ አመጣልኝ። በቀይ እስክሪብቶ አቃናሁለት፤ ማርክም ቀነስኩበት። ለካስ ያ ምስኪን ጭሰኛ በእኔ እጅ እንደ መምህር ሲናገር ነበር! ልጁን ዛሬ ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

ይህም ሆኖ ለዋይን ሙሉ ማርክ አልሰጥም። ደህና አስተርጓሚ ካለ ቋንቋውን ለመማር ማን ይደክማል? ጌም ሠሪው ለዊንዶውስ ጽፎ ይተኛል፤ ሊኑክስም በትርጉም ብቻ የሚነበብበት አገር ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱ ፊቱን ያዞረ ዕለትስ? አፔክስ ሌጀንድስ የተባለው ጌም በ2024 ለሊኑክስ ተጫዋቾች በሩን ዘጋ። ምክንያቱ አጭበርባሪዎች ናቸው ተባለ፤ የሊኑክስ ክፍትነት ለእነሱ ተመችቷል ነው ነገሩ። ምክንያቱ ውሸት ነው አልልም። ግን በሩ ሲዘጋ ያላጭበረበረውም አብሮ ውጭ ቀረ፤ አስተርጓሚው ምንም ቢራቀቅ ተናጋሪው «አላናግርም» ካለ ምን ያደርጋል?

ይህንኑ ለእህቴ ልጅ ነገርኩትና «ለሊኑክስ ራሱ የተጻፈ ጌም የለም እንዴ?» አልኩት።

«ሞልቷል ጋሼ፤ ጓደኞቼ ግን እዚያ የሉም» አለና የጆሮ ማዳመጫውን መልሶ አጠለቀ።