ግምት የደም ካሳ አይሆንም

ሰው በግፍ ተገድሎ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር በሟቹ ቤት ሐዘን፣ በመንደሩ ደግሞ ወሬ ይነሣል። ሐዘኑ ከቤተሰቡ ጋር ይቀራል፤ ወሬው ግን እግር አውጥቶ ይዞራል። በዘመናችን ይህ ወሬ ከመንደር አልፎ የዓለም መዝናኛ ሆኗል። መርማሪም ዳኛም ያልሆኑ ሰዎች ባልተፈታ ግድያ ላይ ተቀምጠው «ገዳዩ እገሌ ነው» ይላሉ፤ ሺዎችም ያዳምጧቸዋል፤ ልጆቻችንም በእጅ ስልካቸው ይከታተሏቸዋል። ነገሩ ግን ከእጅ ስልክ ጋር የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 በለንደን ከተማ የተፈጸመ አንድ ግድያ እስከ ዛሬ ሲገመትበትና ሲጻፍበት ይኖራል። በዚሁ ጉዳይ ላይ ከተጻፉት መጻሕፍት ሁለቱን አንሥተን በእስልምና ሚዛን ብናያቸው ለቤተሰቦቻችን ትምህርት ይሆናል ብለን እናምናለን።

በዚያ ዓመት ከኦገስት 31 እስከ ኖቬምበር 9 ባለው ጊዜ ውስጥ ዋይትቻፕልና አካባቢው በሚባለው የድሆች ሰፈር አምስት ሴቶች ተገደሉ። ገዳዩ አልተያዘም። «ጃክ ዘ ሪፐር» የሚለው ስም የወጣለት ለአንድ የዜና ድርጅት ከተላከ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ገዳዩ ሳይሆን አንድ ጋዜጠኛ ነው ብለው ያመኑ የፖሊስ ሹማምንት ነበሩ። ከዚያ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ከየአቅጣጫው ጎረፉ። አምስት ቤተሰቦች ሙታናቸውን ሲቀብሩ ሌላው ሰው በስማቸው ይጫወት ነበር ማለት ነው።

ግምቱ ማንን ፈለገ? ዋይትቻፕል ያን ጊዜ ከሩሲያና ከፖላንድ ተሰደው የመጡ ድሃ አይሁዶች የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። ጥርጣሬውም በእነርሱ ላይ ወደቀ። ጆን ፓይዘር የተባለ አይሁዳዊ ጫማ ሰሪ «የቆዳ ሽርጥ» በሚል ቅጽል ስም በሰፈሩ ወሬና በጋዜጦች ሲታደን ከቆየ በኋላ ሴፕቴምበር 10 ቀን ተያዘ። ግድያዎቹ ሲፈጸሙ ሌላ ቦታ እንደነበረ ስለተረጋገጠ ተለቀቀ። ሴፕቴምበር 30 ቀን ደግሞ አይሁዶችን የሚነካ ጽሑፍ በአንድ ግድግዳ ላይ ተገኘ። የፖሊስ አዛዡ ቻርልስ ዋረን ሕዝቡ ተነሥቶ አይሁዶችን እንዳያጠቃ ፈርቶ ጽሑፉን አስጠፋው።

ሙስሊም አንባቢ ይህን ሲያነብ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. በ1995 በኦክላሆማ ከተማ ቦምብ ፈንድቶ 168 ሰዎች ሲሞቱ ገና ምንም ሳይጣራ ጣት የተቀሰረው በሙስሊሞች ላይ ነበር። ወንጀለኛው ግን የአሜሪካ ጦር ወታደር የነበረ አሜሪካዊ ሆኖ ተገኘ። በራሳችን ላይ ሲደረግ ያስለቀሰን ነገር በሌላው ላይ ሲደረግ ሊያዝናናን አይገባም።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንምጣ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአሜሪካዊቷ የወንጀል ልቦለድ ደራሲ የፓትሪሺያ ኮርንዌል መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ ገዳዩ እ.ኤ.አ. በ1942 የሞተው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዋልተር ሲከርት ነው ትላለች። በመጽሐፏ ርእስ ላይም ጉዳዩ እንደተዘጋ አውጃለች። ልፋቷን መካድ አይቻልም። የሠዓሊውን ሥዕሎች በራሷ ገንዘብ ገዝታለች፣ ባለሙያዎችን ቀጥራ የድሮ ደብዳቤዎችን አስመርምራለች። አጻጻፏም አንባቢን ይዞ ይሄዳል።

ነገር ግን ማስረጃው ሲመዘን ይቀላል። ከደብዳቤዎቹ አንዳንዶቹ የተጻፉበት ወረቀት ሠዓሊው ይጠቀምበት ከነበረው ወረቀት ጋር አንድ ነው ትላለች። ይህ እውነት ቢሆን እንኳ የሚያሳየው ሰውየው የቀልድ ደብዳቤ መጻፉን እንጂ ሰው መግደሉን አይደለም። የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራውም ብዙ ሰዎች የሚጋሩትን ዓይነት እንጂ አንድን ሰው ለይቶ የሚያሳይ አልነበረም። ከዚህም በላይ ከግድያዎቹ አብዛኞቹ በተፈጸሙበት ወቅት ሲከርት ፈረንሳይ አገር እንደነበረ የቤተሰቡ ደብዳቤዎች ያመለክታሉ። ደራሲዋ ግን ሥዕሎቹ ጨለማ መሆናቸውን አይታ ልቡም ጨለማ ነው ብላ ፈረደች። የሰውን ልብ ማየት የአላህ (ሱ.ወ.) ብቻ መሆኑን ለሚያምን ሰው ይህ ከባድ ድፍረት ነው። ሟች ራሱን መከላከል አይችልም፤ ስለዚህ ሙታንን መወንጀል ቀላል ይመስላል። ክብር ግን ከአካል ጋር አይቀበርም።

ሁለተኛው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የሀሊ ሩበንሆልድ «አምስቱ» ነው። ይህች ጸሐፊ ገዳዩ ማን ነው ብላ አትጠይቅም፤ የተገደሉት እነማን ነበሩ ትላለች። ሜሪ አን ኒኮልስ የአንጥረኛ ልጅ፣ የአምስት ልጆች እናት ነበረች። አኒ ቻፕማን የሠረገላ ነጂ ሚስት ነበረች፤ መጠጥ ትዳሯን አፈረሰባት። ኤልዛቤት ስትራይድ ከስዊድን ገጠር የመጣች ስደተኛ፣ ካትሪን ኤዶውስ በዎልቨርሃምፕተን የተወለደች ሴት ነበረች። ስለ ሜሪ ጄን ኬሊ የሚታወቀው ጥቂት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አምስቱም በጅምላ «ሴተኛ አዳሪዎች» ተብለው ሲጠሩ ቆዩ። ሩበንሆልድ ግን ለሦስቱ ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንደሌለ ትከራከራለች። አሟሟታቸውንም ዘርዝራ አታሳይም።

ይህም መጽሐፍ ቢሆን እንከን አለው። መዝገብ ዝም ባለበት ቦታ ጸሐፊዋ «ሳይሆን አይቀርም» እያለች ትሞላዋለች፤ ሴቶቹ የተገደሉት ተኝተው ሳለ ነው የሚለው ሐሳቧም የተረጋገጠ አይደለም። ሆኖም የእርሷ ግምት የማንንም ስም አያጠፋም። አንድ ያለ ምስክር የተጎደፈ ክብርን ለባለቤቶቹ ለመመለስ የሚደክም ሥራ ነው። ንጹሕ ሴትን ያለ አራት ምስክር በዝሙት መወንጀል በእስልምና ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ ለሚያውቅ ሙስሊም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ገዳዩ ካልታወቀ ምን ይደረግ? ዝም ይባል? የዚህን መልስ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን እናገኘዋለን። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ዐብደላህ ኢብን ሰህልና ሙሐይሳ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ወደ ኸይበር ሄዱና እዚያ ለየጉዳያቸው ተለያዩ። ሙሐይሳ ሲመለስ ዐብደላህን በደሙ ተነክሮ፣ ተገድሎ አገኘው። ኸይበር ያን ጊዜ አይሁዶች የሚኖሩባት ነበረች፤ ከሙስሊሞች ጋርም ሰላም ነበራቸው። የሟቹ ወገኖች ወደ ረሡል (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው አይሁዶቹን ከሰሱ። ሃምሳ መሐላ ምለው መብታቸውን ይወስዱ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ በዓይናችን ባላየነው ነገር እንዴት እንምላለን አሉ። እንግዲያው ተከሳሾቹ ሃምሳ መሐላ ምለው ነጻ ይውጡ ሲባሉ ደግሞ የማያምኑ ሰዎችን መሐላ አንቀበልም አሉ። ረሡልም (ሰ.ዐ.ወ.) የሟቹ ደም ከንቱ ሆኖ እንዲቀር ስላልወደዱ መቶ ግመል ካሳ ራሳቸው ከፈሉ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ሐዘን ያንገበገባቸው የሟቹ ዘመዶች እንኳ ባላዩት ነገር አልማሉም። ዛሬ ሟቹን በስም እንጂ በሌላ የማያውቅ ሰው ያለ አንዳች ፍርሃት «እርሱ ነው የገደለው» ይላል። ሁለተኛ፣ የተጠረጠሩት የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ነበሩ፤ የተከሰሱትም በአገሩ መሪ ፊት ነበር። ሆኖም በጥርጣሬ ብቻ አልተቀጡም። ሦስተኛ፣ «ማን ገደለው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ለሟቹ ቤተሰብ የሚገባው መብት ግን ሜዳ ላይ አልቀረም። የእኛ ዘመን ሰዎች ይህን ገልብጠውታል። ጥያቄውን በግድ ሊመልሱ ይደክማሉ፤ ቤተሰቡን ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

ቅዱስ ቁርኣንም በሱረቱል ኢስራእ ሁለቱን ነገሮች አቀራርቦ አስቀምጧቸዋል። በቁጥር 33 በግፍ ለተገደለ ሰው ወገን መብት ይሰጣል፣ ወሰን እንዳያልፍም ያስጠነቅቃል። ከሦስት አንቀጽ በኋላ በቁጥር 36 ደግሞ ሰው የማያውቀውን ነገር እንዳይከተል፣ ጆሮም ዓይንም ልብም እንደሚጠየቁ ይነግረናል። የደም መብትና የምላስ ልጓም አብረው የሚሄዱ ናቸው።

አንዳንድ ሰው «ሕዝብ ካልተናገረ ወንጀለኛ እንዴት ይያዛል?» ሊል ይችላል። መልካም ጥያቄ ነው። ምስክርነትን መደበቅ ኀጢአት መሆኑን ሱረቱል በቀራህ ቁጥር 283 ያስተምረናል። ነገር ግን ምስክርነትና ግምት አንድ አይደሉም። ምስክር «አየሁ» ይላል፤ ስሙን ሰጥቶ፣ ጉዳዩን በሚመለከተው አካል ፊት ቆሞ ይጠየቃል። ገማች ግን አላየም፣ አይጠየቅም፤ ሲሳሳትም ወደሚቀጥለው ሰው ይሻገራል። ለዕውቀትም ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በካሊፎርኒያ ለአሥርተ ዓመታት ያልተያዘ ነፍሰ ገዳይ የተገኘው የዘር ሐረግ አጥኚዎች ከመርማሪዎች ጋር ሆነው ባደረጉት ፍለጋ ነው። ማንነቱም በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ ለአደባባይ አልወጣም።

የዚህ ተቃራኒ የታየው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት አራት ተማሪዎች በተገደሉ ጊዜ ነው። አንዲት ሴት ካርታ ጥዬ ደረስኩበት ብላ የዩኒቨርሲቲውን አንዲት የታሪክ መምህርት በግድያው ወነጀለቻት። ፖሊስ መምህርቷን አልጠረጠራትም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ወንጀሉን ያመነውም ሌላ ሰው ነው። በአገራችን በድሮ ጊዜ ለልጅ መድኃኒት አጠጥተው የገባበትን ቤት ባለቤት «ሌባ» የሚሉበት ሌባሻይ የሚባል ልማድ ነበር። ጥንቆላ ሐራም ነው፤ በጥንቆላ የንጹሕ ሰው ስም ሲጠፋ ደግሞ ወንጀሉ እጥፍ ይሆናል።

ዛሬ በዋይትቻፕል መንገድ ላይ ትልቁ የምሥራቅ ለንደን መስጊድ ቆሟል፤ በሰፈሩም ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ይኖራሉ። በዚያው ሰፈር ጎብኚዎች ሴቶቹ የወደቁበትን ቦታ ለማየት ከፍለው ይዞራሉ። ሙስሊም ወላጆች ልጆቻቸው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያዩ መቆጣት ብቻ አይበቃቸውም። አብረው ተቀምጠው ይጠይቁ፦ ይህ ሰው ያየው ምንድን ነው? የወነጀለው ሰው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ስሙን ማን ይመልስለታል? የሟቿ እናት ይህን ብትሰማ ምን ይሰማታል? ልጁ መልሱን ራሱ ያገኘዋል። ካገኘውም በኋላ ለጓደኞቹ ከማስተላለፍ እጁን ይሰብስብ፤ ለሟቾቹ ቤተሰብም ሰብርን እንዲሰጥ አላህን ይለምን።

አላህ (ሱ.ወ.) የተሰወረውን ሁሉ ያውቃል፤ በሰዎች መካከል በቂያማ ቀን መጀመሪያ የሚፈረደውም በደም ጉዳይ ነው። ያ ቀን እስኪመጣ ምላሳችንን ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።