በማግኔቱ ደጅ የሚቀርብ ጥያቄ

ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ተነሥተው፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥተውና ደብረ ብርሃንን አልፈው፣ ለኤም አር አይ ምርመራ አዲስ አበባ የሚደርሱ ሕሙማን ከክፍላችን ደጅ ሲቆሙ፣ የእኛ ሥራ የሚጀምረው ከአንደበት፣ በሰውነታቸው ውስጥ ብረት ወይም ማግኔት እንዳለ ከመጠየቅ ነው። ኃይሉ 1.5 ቴስላ የሆነው የማሽኑ ማግኔት ከምድር መግነጢስ 30,000 ጊዜ ያህል የሚበረታ ሲሆን፣ ሥዕል በማይነሣበት በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ኃይሉ አያርፍም።

የቆላው ሰው በሰውነቱ የቀረውን ጥይት አይደብቅም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ የቆሰለ ሰው ጠባሳውን ሳንጠይቀው ያሳየናል፤ እኛም እርሳስ በማግኔት ባይሳብም የክላሽ ጥይት ብዙ ጊዜ ብረት ያለበት መሆኑን ስለምናውቅ፣ አስቀድመን ራጅ እናስነሣዋለን።

ኅቡእ ሆኖ የሚኖረው የጡት ነገር ነው። በካንሰር ምክንያት ጡቷ የተቆረጠ ሴት፣ ሕክምናዋን በባዕድ አገር ያደረገች እንደ ሆነ፣ ቋሚው ሰው ሠራሽ ጡት እስኪተከልላት ድረስ ቆዳዋን ቀስ በቀስ የሚለጥጥ ከረጢት ከደረቷ ውስጥ ተቀብሮላት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙም በየጊዜው ጨዋማ ውሃ በመርፌ ይሞላዋል። መርፌው የሚገባበት ሥፍራ ከቆዳ በላይ ተፈልጎ ይገኝ ዘንድ፣ በብዙዎቹ ከረጢቶች አፍ ላይ ትንሽ ነገር ግን ብርቱ ማግኔት ተቀምጣለች። ለሐኪሙ መንገድ መሪ የሆነችው ይህች ማግኔት በእኛ ክፍል ልትገለበጥ፣ ከሥፍራዋ ልትነቀል፣ ኃይሏን ልታጣ፣ ሕመምተኛዪቱንም ልታሠቃይ ትችላለች፤ በሥዕሉም ላይ ደረቱን በጥቁር ጥላ ትጋርደዋለች። ቋሚው የሲሊኮን ጡት ግን ማግኔት ስለሌለበት አያሰጋም፤ ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ጠያቂ አንዲቱን በከንቱ ይመልሳል፣ ሌላይቱን ለአደጋ ይሰጣል።

ይህች ከረጢት ያለባት ሴት አብሯት በመጣው ወንድሟ ፊት «ብረት አለብሽ?» ተብላ «የለብኝም» ብትል፣ የተቀበረላት ለስላሳ ከረጢት ነውና አልዋሸችም። ስለዚህ መጋረጃው ተዘግቶ፣ በሴት ባለሙያ አንደበት፣ «እናቴ፣ ጡትዎን ቀዶ ሕክምና ተደርገው ያውቃሉ? ውሃ በመርፌ የሚሞላ ነገር ተቀብሮልዎታል?» ተብላ መጠየቅ ይገባታል። አዎን ካለች የከረጢቱን ዓይነት የሚገልጸውን ካርድ እንጠይቃለን፤ ማግኔት የሌለባቸው ከረጢቶችም ስላሉ ካርዱ ብዙ ይናገራል። ካርድ ከሌላት የደረት ራጅ ማግኔቷን ይገልጣል፤ ማግኔቷም ከተገኘች ሲቲ ስካን ወይም አልትራሳውንድ ይበቃ እንደ ሆነ ከሐኪሟ ጋር እንመክራለን።

ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ለመጣች ሴት የመጣችበት ምርመራ እንደማይደረግላት መንገር እጅግ ይከብዳልና፣ ጥያቄው በሸዋ ሮቢትና በደብረ ብርሃን፣ የሪፈር ወረቀቱ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ቢጀመር እመኛለሁ።