ባለ ጎማው ክሪክ

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ጠምዛዛ ክሪክ መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስ ባለውለታ ነው፤ ለቤት ሥራ ግን እኔ ባለ ጎማውን የሃይድሮሊክ ክሪክ አስበልጣለሁ። ጥበቡ ዘይቱ ላይ ነው። እጀታው ቀጭኑን ፒስተን ሲገፋ ግፊቱ በዘይቱ አልፎ ወፍራሙን ፒስተን ያነሳል፤ ጉልበቱም በስፋቱ ልክ ይበዛል። ጆሴፍ ብራማ በዚሁ መርህ የሚሠራውን መጭመቂያ በ1795 እ.ኤ.አ. አስመዝግቧል።

ጎማዎቹ ለመጎተት ብቻ የተሠሩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ክንዱ ሲነሳ ቅስት ሠርቶ ስለሚሄድ ክሪኩ ራሱ በዝግታ ወደ መኪናው ሥር መንከባለል አለበት። አፈር ወይም ኮብልስቶን ጎማውን ከያዘው መኪናውን የሚሸከመው የክንዱ መቀመጫ ከመኪናው ሥር ይንሸራተታል። ግቢው ሊሾ ያልሆነለት ሰው ወፍራም፣ ሰፊ ጣውላ ያንጥፍ።

ስመርጥ ከቶኑ በፊት የማየው ዝቅታውን ነው። ቪትዝ ሥር የማይገባ ባለ 3 ቶን ምን ይሠራል? ለላንድክሩዘር ደግሞ የሚደርስበት ከፍታ ወሳኝ ነው። አሉሚኒየሙ ለወገብ ይራራል፤ ብረቱ ይከብዳል፣ ዋጋው ግን ይቀላል።

የክሪክ ሥራ ማንሳት ብቻ ነው። ጎሚኒው ካረጀ ዘይት ያፈሳል፤ ስለዚህ ከሥር የሚገባ ሰው መኪናውን አስቀድሞ በብረት መደገፊያ ላይ ያሳርፍ።

ከሁሉ የምወደው አወራረዱን ነው። ጥሩ ክሪክ እጀታው ጥቂት ሲዞር መኪናውን ቀስ አድርጎ ያሳርፋል፤ መጥፎው ይጥለዋል። ሻጩ ከፈቀደ፣ ሳልከፍል አንድ መኪና አንስቼ አወርድበታለሁ።