ካህናተ ሰማይ በጋይንት፦ የትንቢት ምሳሌ በድጓ፣ በአንድምታና በዘመን ስሌት

በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 4 ዙፋኑን ከበው የሚታዩት ሃያ አራቱ ሽማግሌዎችና ዐይን የሞላባቸው አራቱ እንስሳ እነማን ናቸው? ጥያቄው ክርስቲያኖችን ሲያከራክር ኖሯል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለ ካህን ግን መልሱን የሚያገኘው ከመጽሐፉ ገጽ ብቻ ሳይሆን ከዓመቱ ዙር ጭምር ነው። አርባዕቱ እንስሳ ኅዳር 8፣ ካህናተ ሰማይ ደግሞ ኅዳር 24 ይከበራሉ። በእኔ እምነት፣ ስለ ትንቢት ምሳሌዎች የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ መንገድ የሚስተው ይህን ባለማየቱ ነው። ተርጓሚዎቹ የሚለያዩት «ይህ ምን ማለት ነው?» ለሚለው በሚሰጡት መልስ ብቻ አይደለም፤ ምሳሌው የተሰጠን ለምን እንደሆነ ከመነሻውም አይስማሙም።

የአራቱን እንስሳ ነገር እንይ። ከጥንት አባቶች ሄሬኔዎስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአራቱ ወንጌላውያን ጋር ሲያዛምዳቸው አንበሳውን ለዮሐንስ፣ ንስሩን ለማርቆስ ሰጠ። ጄሮም ሁለቱን አቀያየራቸው፤ ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው የእርሱ ድልድል ነው። አውግስጢኖስ በበኩሉ አንበሳውን ለማቴዎስ፣ ሰውን ለማርቆስ አደረገ። ሦስቱም ታላላቅ መምህራን ናቸው፣ አንዱም ሌላውን መናፍቅ አላለም። የእኛም መምህራን ወንጌላውያንን ያነሣሉ፤ ሆኖም ከዚያ በፊት እንስሳቱ ዙፋኑን የሚሸከሙ፣ ስለ ፍጥረት የሚለምኑ ሕያዋን ኪሩቤል ናቸው። ገጸ ሰብእ ስለ ሰው፣ ገጸ አንበሳ ስለ አራዊት፣ ገጸ ላሕም ስለ እንስሳት፣ ገጸ ንስር ስለ አዕዋፍ ይማልዳል። በዚህ አነባበብ ምሳሌው ከኋላው ሌላ ነገር የደበቀ መጋረጃ አይሆንም፤ አማኙ በስሙ ጠርቶ የሚማጸነው አካል ነው።

በሃያ አራቱ ሽማግሌዎች ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። ብዙ የፕሮቴስታንት ተርጓሚዎች አሥራ ሁለቱን ነገድና አሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ደምረው የሁለቱ ኪዳናት ሕዝብ ምሳሌ ያደርጓቸዋል። ከጆን ኔልሰን ዳርቢ የተነሣውና በ1909 እ.ኤ.አ. በታተመው የስኮፊልድ መጽሐፍ ቅዱስ የተስፋፋው ትምህርት ደግሞ ወደ ሰማይ የተነጠቀችው ቤተ ክርስቲያን ናቸው ይላል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን ካህናት ትላቸዋለች። በእጃቸው የወርቅ ዕቃ አለ፤ የቅዱሳንን ጸሎት እንደ ዕጣን ያሳርጋሉ። ቄሱ ጽናውን ይዞ መቅደሱን ሲዞር ያንኑ አገልግሎት እየተካፈለ ነው። አነባበቡ በሥራ ይታያል፤ ለዚህም ይመስለኛል በክርክር ብቻ የማይናወጠው።

የጋይንቷ ቤተ ልሔም ወደ ነገሩ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ በሌላ አገር ድጓውን የዘለቀ ተማሪ ዜማውን አቃንቶ ለመመስከር ወደ እርሷ ይመጣል። ከቆማ፣ ከአጫብርና ከተጉለት ዜማ ጋር የራሷ ስልት አላት። ጠባቧን የድንጋይ ቤተ መቅደስ ሰፊው ክብ የሣር ቤት ውጦ ሸሽጓት መኖሩን የአገሬው ሰው ያውቃል፣ ከውጭ ለሚመጣ ግን ትገርማለች። ሊቃውንቱ ድጓን የዜማ መጽሐፍ ይሉታል፤ እኔ የትርጓሜ መጽሐፍም ነው እላለሁ። የነቢዩን ቃል ከቦታው አንሥቶ ከአንድ በዓል ጋር ሲያኖረው ፍርድ ሰጥቷል። በሕዝቅኤል ምዕራፍ 44 የተዘጋችው የምሥራቅ በር በእመቤታችን ምስጋና ውስጥ ስትገባ፣ የበሩ ትርጉም የድንግልናዋ ዘለዓለማዊነት መሆኑ ያለ አንዳች ማስረጃ ሐተታ ተወሰነ። ዘማሪው በግዕዝ፣ በዕዝል ወይም በአራራይ ሲያዜመው ደግሞ ምሳሌው ሐዘን ወይም ደስታ ይለብሳል፤ ይህን የጽሑፍ ሐተታ ሊሰጠው አይችልም።

የአንድምታው ጉባኤ መንገድ ሌላ ነው። መምህሩ ንባቡን ያወርዳል፣ ታሪኩን ይናገራል፣ ከዚያ «አንድም» እያለ ይቀጥላል። ፀሐይን የተጐናጸፈችው ሴት እመቤታችን ናት፤ አንድም ቤተ ክርስቲያን ናት። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽርም። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ከመምህር ኤስድሮስ ወዲህ የተለየው ትምህርትም በአንዲት ሃይማኖት ውስጥ ኖሯል። ሮጀር ካውሊ በ1983 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ባሳተመው የራእየ ዮሐንስ ትርጓሜ ጥናት፣ ይህ ትውፊት ከግብፅ ክርስቲያኖች የዐረብኛ ትርጓሜዎች ጋር ያለውን ዝምድና አሳይቷል። አንድምታው ከዓለም ተነጥሎ የበቀለ አይደለም ማለት ነው። ወሰንም አለው፤ «አንድም» ከሃይማኖቱ አጥር ውጭ አይሻገርም።

ከጋይንት ወደ ምዕራብ፣ በደብረ ታቦር፣ ፍጹም የተለየ አነባበብ ይዞ የመጣ የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ተልእኮ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሕክምና ሥራ ሠርቷል። የእንቅስቃሴው ሥር ዊልያም ሚለር ነው። በዳንኤል 8፥14 ያለውን 2300 ቀን አንዱን ቀን አንድ ዓመት አድርጎ ከ457 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምሮ ቢቆጥር ስሌቱ 1844 እ.ኤ.አ. ላይ አረፈ። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 22 (እ.ኤ.አ.) ጌታ ይመጣል ብለው የጠበቁት አልመጣም። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ለእኛ ርእስ እጅግ ዋጋ አለው፦ ቀኑን አልተዉም፣ ቦታውን ለወጡ። ክርስቶስ በዚያ ቀን በሰማያዊው መቅደስ አዲስ የክህነት አገልግሎት ጀመረ አሉ።

ስለዚህ በአንድ ዞን ውስጥ ሁለት የሰማይ መቅደሶች ተሰብከዋል። የቅዳሜን ሰንበት ማክበርም ያገናኛቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አጽንታዋለች። ልዩነቱ መቅደሱ ላይ ሳይሆን ጊዜው ላይ ነው። ለአድቬንቲስቱ የሰማዩ አገልግሎት በታወቀ ዓመት አዲስ ምዕራፍ ከፍቷል፣ ምእመኑም የት ላይ እንደቆመ ማወቅ አለበት። ለቤተ ልሔሙ መሪጌታ አገልግሎቱ አያቋርጥም፤ ኅዳር 24 ምድር ወደዚያ የምትገባበት ቀን እንጂ የሆነ ነገር የተፈጸመበት ቀን አይደለም።

የእኛ አገር ሰው ግን ከዘመን ስሌት ንጹሕ ነው ብዬ አልከራከርም። በባሕረ ሐሳብ ከፍጥረት እስከ ልደት 5500 ዓመት ነውና ስምንተኛው ሺህ በ1501 ዓ.ም. ገብቷል፤ ድርቅ ወይም ጦርነት በመጣ ቁጥር ስሙ ይነሣል። ፍካሬ ኢየሱስ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነግሣል በማለቱ ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. ያንን ስም ወስዶ ነገሠ። በ1860 ዓ.ም. ጋፋት ላይ ያሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተተ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያልፍ የተጠበቀው የሰላም ዘመን አብሮት አልነበረም። ትንቢትን በአንድ ሰው ላይ ማሰር የሚያስከፍለውን የዚህ አገር ገበሬ በሠራዊቱ ቀለብና ዝርፊያ ከፍሎታል። ሚለርን መተቸት ለሚወድ ይህ የራሳችን ምዕራፍ አብሮ ሊነበብ ይገባል።

በዓላዊው አነባበብም ጉድለት አለው፣ እሱን አልሸሽግም። ሕዝቅኤል በኮቦር ወንዝ ዳር ከምርኮኞች ጋር ተቀምጦ እንጂ በተዘጋጀ መቅደስ ውስጥ ሆኖ አላየም። ከመቅደሱ ርቋል፤ መንኮራኩር ያለው ዙፋን የታየው እግዚአብሔር ከሕዝቡ ጋር ወደ ስደት መጥቷል ለማለት ነው። ይህን የመጀመሪያ ሰሚዎች ሐዘን ከሌሎች ይልቅ አጥብቀው የያዙት የፕሮቴስታንት የታሪክ ተርጓሚዎች ናቸው። አንድምታውም ታሪኩን ያስቀድማል፤ በማኅሌት ግን ቶሎ ይታለፋል። አገሩ ራሱ ብዙ ስደትና ረኃብ ስላየ የምርኮኛው ነቢይ ድምፅ እንዲህ መቅለሉ ያሳዝነኛል።

ጥናቱ ያላደረገው ነገርም እዚሁ ላይ ነው። ካውሊና ተከታዮቹ የአንድምታውን ቃል መርምረዋል። የኅዳር 8ና የኅዳር 24 ድጓ ግን በቤተ ልሔም ስልት፣ ከነምልክቱና ከነዜማው፣ ከራእዩ ንባብና ከአንድምታው ጎን ተቀምጦ እንደ አንድ የትርጓሜ ምስክር መነበብ አለበት። ሥራው ግዕዝ የሚያውቅ ተመራማሪ ብቻውን የሚወጣው አይደለም፤ ዜማውን የሚመሰክር መሪጌታ አብሮ ደራሲ ሆኖ መቀመጥ ይኖርበታል።