ስለ እንጨት ቅርጽና ስለ ሰው ጠባይ

የሰው ጠባይ በሥራው ይታወቃል እንጂ በፊቱ አይታወቅም የሚሉ አሉ፤ ልብ ያሰበውን ፊት አይሸሽገውም የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ማስረጃ ስላላቸው ክርክሩ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። እኔም በዚህ ነገር ጥቂት እንድናገር ያነሣሣኝ በቅርቡ በፍኖተ ሰላም አጠገብ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ በአንድ አስተማሪ ቤት ያየሁት የእንጨት ሥራ ነው።

ሰውየው አናጢ አይደለም፤ ከዚህም ሥራ እንጀራ አይበላበትም። ቀን ልጆች ያስተምራል፤ ማታ ማታ ግን ከመደቡ ላይ ተቀምጦ ከደረት በላይ ያለውን የሰው መልክ ከእንጨት እየቀረጸ ቀለም ይቀባዋል። ስሙን እንዳልጽፍ ስለ ለመነኝ አልጽፈውም። ያየኋቸው መልኮች 12 ናቸው፤ ቁመታቸውም ከስንዝር ጥቂት ይበልጣል። ዘጠኙ ከዋንዛ፥ ሦስቱ ከወይራ የተሠሩ ናቸው። ዋንዛ ለመሮ የሚታዘዝ እንጨት ስለ ሆነ አገራችን ከበሮውንም ገበታውንም ሲሠራበት ኖሯል፤ ወይራ ግን ጠንካራ ነው፥ ስለት ያዶለዱማል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የተቀበለውን መልክ አይለቅም።

አስቀድሜ አንድ ነገር መናዘዝ ይገባኛል፤ ይህን ሳልናገር ሥራውን ብመዝን ሚዛኔ የታመነ አይሆንምና። ይህን ሰው የማውቀው ዛሬ አይደለም። ልጅ ሳለ ከእኔ ዘንድ ቅኔ ይቆጥር ነበር። አንድ ቀን ወደ ተማሪዎች ጎጆ ብገባ ቅኔውን ትቶ የባልንጀራውን ፊት በወይራ ፍልጥ ላይ ሲቀርጽ አገኘሁት። የተቀረጸ ምስል በሕግ የተከለከለ ነው ብዬ ከእጁ ነጥቄ ከእሳት ጣልሁት። ልጁ አንዲት ቃል አልመለሰልኝም፤ ፍልጡ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ተመለከተው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጉባኤውን ትቶ ወደ አስኳላ ሄደ። ስለዚያ ነገር ነው ብዬ ለመናገር አልደፍርም፤ ስለዚያ አይደለም ብዬ ለመማልም አይቻለኝም።

ዛሬ ግን ነገሩን ስመረምረው የፈረድሁት ፍርድ የተጣደፈ ነበረ። በኦሪት ዘጸአት የተከለከለው ምስል ሠርቶ ለእርሱ መስገድና ማምለክ ነው። በዚያው መጽሐፍ ባስልኤል እንጨት ለመጥረብና ዕንቊ ለመቅረጽ ጥበብን ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበለ ተጽፏል። ንጉሥ ሰሎሞንም በቤተ መቅደሱ ውስጥ እያንዳንዳቸው 10 ክንድ ቁመት ያላቸውን ሁለት ኪሩቤል አሠርቶ በወርቅ ለብጧቸዋል፤ የተሠሩትም ከወይራ እንጨት ነበረ። እኔ ያቃጠልሁትም ወይራ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ለጸሎት የሚቆመው ሥዕል እንጂ ሐውልት አለመሆኑ የታወቀ ሥርዓት ነው፤ እርሱን የሚነካ የለም። ነገር ግን ማንም የማይሰግድለት፥ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የበርበሬ ነጋዴ መልክ በዚህ ክርክር ውስጥ የሚገባበት ምክንያት የለውም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንመለስ። መልክን መቅረጽ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በላሊበላ በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ የቅዱሳን መልክ በሰው ቁመት ልክ ከዓለቱ ተፈልፍሎ ይታያል። በደብረ ዳሞም በቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ ባሉት ሳንቆች የልዩ ልዩ አራዊት መልክ ተቀርጿል። ሰውን ከእንጨት ቀርጾ በማቆም ግን ከሁሉ ይልቅ የታወቁት የኮንሶ ሰዎች ናቸው። እነርሱ ዋካ የሚሉትን የእንጨት ምስል የሚያቆሙት በጀግንነቱ ለተከበረ ሟች ነው፤ በአጠገቡም ሚስቶቹንና የገደላቸውን ጠላቶች ያቆሙለታል፤ በግንባሩም ላይ ከላጫ የሚባለውን የክብር ምልክት ያደርጉለታል። የኮንሶ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እነዚህም ምስሎች አብረው ተመስክሮላቸዋል። ብዙዎቹ እየተሰረቁ ስለ ተሸጡ የተረፉትን የሚጠብቅ ሙዚየም በዚያው በኮንሶ ተከፍቷል።

ዋካና የወዳጃችን ሥራ ግን በእንጨትነታቸው ቢገናኙም በዓላማቸው ይለያያሉ። ዋካ የሟቹን ማዕረግ ይናገራል እንጂ ሰውየው ሲስቅ ወይም ሲያዝን እንዴት ያለ እንደ ነበረ አይናገርም። የወዳጃችን መልኮች ማዕረግ የላቸውም፤ ጠባይ ግን አላቸው፤ ወይም ሊኖራቸው ይፈልጋል። ይህንንም ለማግኘት የሚገጥመው ችግር ከባድ ነው፤ ምክንያቱንም እነግራችኋለሁ።

በሥዕላችን የቆየ አንድ ልማድ አለ። ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ ይሣላል፤ ዐመፀኛው ግን ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይታይበታል። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ግድግዳውን አይቶ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደ ሆነ ይለያል። በእንጨት ቅርጽ ግን ይህ ልማድ አይሠራም። ምስሉን ፊት ለፊት ሳየው ሁለት ዓይን አለው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ስል አንድ ዓይን ብቻ ይቀረዋል። ጻድቅ ነው ያልሁት ሰው ሳይነቃነቅ ኃጥእ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የእንጨት ቀራጭ ሠዓሊው የሚረዳበት ምልክት ስለሌለው ጠባይን የሚያሳየው በአፍ ማዕዘን፥ በቅንድብ አጣጣል፥ በጉንጭ ጉድጓድና በአንገት አያያዝ ብቻ ነው። ሥራው ይህን አውቆ የተሠራ እንደ ሆነ ያማረ ይሆናል፤ ሳያውቅ የተሠራ እንደ ሆነ ግን ለሥዕል የሚገባው ነገር በእንጨት ላይ ተሰክቶ ይቀራል።

ከዐሥራ ሁለቱ የሚበልጠው በቡሬ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ሴት መልክ ነው። የበርበሬው ትኩሳት ዓይኗን ጠበብ አድርጎታል። በቀኝ በኩል ስትታይ ከዚህ ዋጋ ፈቅ አልልም ያለች፥ ከንፈሯን የገጠመች ብርቱ ነጋዴ ናት፤ በግራ በኩል ስትታይ ግን የከንፈሯ ጫፍ ዝቅ ብሎ ፀሓይ ሳትጠልቅ ሸጣ ለመግባት የቸኮለች ደካማ እናት ትመስላለች። ሁለቱም አንዲት ሴት ናቸው። በቅኔ ቤት ኅብር የምንለው ይህንን ነው፤ አንድ ቃል ሳይከፈል ሁለት ምሥጢር ይሸከማል፤ ሰሚውም አንዱን ይዞ ሲሄድ ሁለተኛው በመንገድ ይደርስበታል።

የቆሎ ተማሪውም መልካም ነው። በትከሻው ላይ የለምዱ ጠርዝ ብቻ ይታያል። አፉ የሚለምን ሲመስል ዓይኑ ግን ወደ ጎን ሸሽቷል። ይህን ኑሮ ያልኖረ ሰው ዓይነ አፋርነት ይለዋል፤ የኖርነው ግን ውሻው ከየት በኩል እንደሚመጣ የሚጠብቅ ዓይን መሆኑን እናውቃለን። ቀራጩ ውሻውን ሳይቀርጽ ውሻውን አሳየን።

የሙግተኛው መልክ ግን አልተሳካለትም። አንገቱ ተመዝዞ፥ አፉ ተከፍቶ፥ የግንባሩ ሥር ተገትሮ በየት በኩል ብትዞሩ ይጮኻል። ሰሙ ሳይሰማ ወርቁ የተነገረበት ቅኔ እንደሚሰለች ይህም በአንድ ዕይታ ያልቃል። ባላገር ሙግተኛን በየችሎቱ አይተናል፤ የሚያስፈራው የሚጮኸው ሳይሆን ዝም ብሎ ነገር የሚቆጥረው ነው። ከዚህም የሚብሰው የጠጅ ቤቱ ሰው ነው። አፍንጫው አብጦ በቀይ ቀለም ተነክሯል፤ ያየው ሁሉ ይስቃል። ነገር ግን ስድብ የተሰዳቢውን ጠባይ አያሳይም፤ የሚያሳየው የተሳዳቢውን ነው። ያ ሰው ከመስከሩ በፊት ማን እንደ ነበረ የሚናገር አንድም መስመር በፊቱ ላይ አላገኘሁም።

አሁን ለመናገር ወደ ከበደኝ እመጣለሁ። ከወይራ ከተሠሩት አንዱ የቅኔ መምህር ነው። ቅንድቡ ተቋጥሯል፤ ከንፈሩ ተነክሷል። ከሥሩም «ቁጣ» የሚል ቃል ተጽፎበታል፤ የሌሎቹም መልኮች ስም እንዲሁ ከሥራቸው ተጽፏል። እኔ ነኝ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም። ነገር ግን ምስሉን አንሥቼ በግራ በኩል ብመለከተው ዓይኑ ወደ ታች፥ ከፊቱ ወዳለ ዝቅተኛ ነገር አዘንብሏል፤ በዚያ ዓይን ውስጥ ያለው ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነው። አንድ ነገር ከእጁ እንዳያመልጥ የሚፈራ ሽማግሌ ነው። አንባቢ «ይህ ሰው ለራሱ ይሟገታል» ቢለኝ አይፈረድበትም፤ ሆኖም ምስሉን ያየ ሁሉ ይመስክር። እጁ የቀረጸውን እውነት የጻፈው ቃል አጎደለበት።

ይህ ስሕተት በሌላ አገርም የደረሰ ነው። ፍራንዝ ክሳቨር ሜሰርሽሚት የሚባል፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1736 እስከ 1783 የኖረ ቀራጭ ነበረ። በዕድሜው መጨረሻ በፕረስቡርግ ብቻውን ተቀምጦ ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅልቅል፥ ከአልባስጥሮስም ድንጋይ ከ60 የሚበልጡ የሰው ራሶችን ሠራ፤ አንዳንዱ ያዛጋል፥ አንዳንዱ ፊቱን ያጨማድዳል፥ አንዳንዱም ከንፈሩን ይውጣል። ዛሬ የሚጠሩባቸውን ስሞች ያወጣላቸው እርሱ አይደለም፤ ከሞተ በኋላ በ1793 ራሶቹ ለሕዝብ ሲታዩ ሌላ ሰው ያወጣላቸው ናቸው። ከዚያም ወዲህ ተመልካች ሁሉ ስሙን አስቀድሞ ያነብና ፊቱን በኋላ ያያል። በሜሰርሽሚት ላይ ባዕድ ያደረሰበትን ወዳጃችን በገዛ እጁ በራሱ ላይ አደረሰው። የቅኔ መምህር «ወርቁ ይህ ነው» ብሎ ከቅኔው ጋራ አይዘርፍም፤ ቀራጭም ጠባዩን ከሥሩ መጻፍ አያስፈልገውም።

ስለ ቀለሙም አንድ ቃል ልጨምር። ወዳጃችን የሚቀባው ከሱቅ የተገዛ፥ ለበርና ለመስኮት የሚሆን የሚያብረቀርቅ ቀለም ነው። ብዙ አድርጎ ስለሚደርበው የመሮው ምልክት ይጠፋል፤ ፊቱም እንደ ሸክላ ሳሕን ያበራል። የጥንት ሠዓሊዎቻችን በእንጨት ገበታ ላይ ሲሥሉ አስቀድመው በሙጫ የተለወሰ ነጭ ልስን ይቀቡና ከዚያ በላይ ይሥሉ ነበር፤ እነርሱ እንጨቱን መሸፈናቸው የሚገባ ነው፥ ለእነርሱ እንጨቱ መደብ ነውና። ለቀራጭ ግን እንጨቱ ራሱ ሥጋው ነው። በስዊድን አገር ከ1868 እስከ 1925 የኖረ አክሰል ፒተርሰን የሚባል ቀራጭ የአገሩን ገበሬዎች በሠርግና በቀብር፥ ለውትድርናም ሲመረመሩ እንዳሉ ከእንጨት ሲቀርጽ የቢላዋውን ምልክት ሳያለሰልስ እየተወ ቀለሙን ስስ ያደርገው ነበር። የገበሬው ፊት በኑሮ የተጠረበ መሆኑ በቢላዋው ምልክት ይታወቃል። የበርበሬ ነጋዴዋ መልክ ከሌሎቹ የበለጠችበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ ቀለሙ አልቆበት ስለ ነበር ነጠላዋን ብቻ ቀብቶ ፊቷን እንዳለ ትቶታል። ድኽነት ያስተማረውን ጥበብ ሀብት ሲያገኝ እንዳይረሳው አደራ እላለሁ።

አንዳንድ ሰዎች እነዚህን መልኮች ወደ አዲስ አበባ ወስደህ ሽጣቸው ብለው መክረውታል። መሸጥ ነውር አይደለም። ነገር ግን ለጎብኚ በሚሸጡበት ሱቆች የተደረደሩትን የእንጨት ራሶች ያየ ሰው ሁሉም የአንድ እናት ልጆች እንደሚመስሉ ያውቃል፤ ገዢው የሚፈልገው አንድ ዓይነት ፊት ስለ ሆነ ሠሪውም ያንኑ ይደጋግማል። እንጀራውን በሌላ ሥራ የሚያገኝ ሰው ግን አንዱን ፊት ዓመት ሙሉ ሊመለከተው፥ ካልወደደውም ሊጥለው ይችላል። የትርፍ ጊዜ ሥራ ትልቁ ሀብቱ ይህ ነጻነት ነው።

ስለዚህ ለወዳጃችን የምመክረው ሦስት ነገር ነው፤ ከሥር የተጻፉትን ስሞች ይፋቅ፥ ቀለሙን ያሳስስ፥ የጠጅ ቤቱን ሰው እንደ ገና ይቅረጸው። የመምህሩን ምስል ግን ስሙን ከመፋቅ በቀር አይንካው። ለመምህራን ወንድሞቼም አንድ ልመና አለኝ። ተማሪ ከቅኔው ሰዓት ሰርቆ ሲቀርጽ ብታገኙት ስለ ሰዓቱ ገሥጹት፤ የቀረጸውን ግን ወደ ብርሃን አውጥታችሁ በሁለቱም ጎን ሳትመለከቱት ወደ እሳት አትጣሉት። እኔ ያቃጠልሁት ፊት ማንን ይመስል እንደ ነበር ዛሬ ባስታውስ በወደድሁ፤ ነገር ግን በዚያን ቀን አላየሁትም።