ሀብታሙ አባት አማርኛ ሲናገር

በናይሮቢ የእግረኛ መንገዶች ላይ የተዘረጉ መጻሕፍትን የሚቃኝ ሰው የሮበርት ኪዮሳኪን «ሀብታም አባት፣ ደሃ አባት» ሳያይ አያልፍም፤ አዲስ አበባም ከዚህ እምብዛም አትለይም። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1997 ከሻሮን ሌክተር ጋር አዘጋጅቶ በግሉ ያሳተመው ይህ መጽሐፍ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተመልሷል፤ በአማርኛም ይነበባል። ደመወዙ ከወር ወር አልደርስ ያለው መምህር፣ ከዓረብ አገር ጥሪት ቋጥራ የተመለሰች እኅት፣ በኢስሊ ሱቅ ለመክፈት የሚያወጣ የሚያወርድ ወጣት መጽሐፉን አንብበውታል፤ ካላነበቡትም ያነበበ ሰው መክሯቸዋል። ኑሮውን ከሥሩ ለመለወጥ፣ ከቅጥር ወጥቶ በራሱ ንግድ ለመተዳደር ለሚያስብ ሰው መጽሐፉ እንደ መንገድ መሪ ሆኖ ቀርቧል። መንገድ መሪ ደግሞ አገሩን ማወቅ ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምሞክረው መጽሐፉ ወደ አማርኛ ሲመጣ ከተወለደበት አገር ምን ይዞ፣ ምንስ ትቶ እንደሚመጣ ነው።

ደራሲው ሃዋይ ውስጥ ያደገ፣ የዘር ሐረጉ ከጃፓን የሚመዘዝ አሜሪካዊ ነው። ሁለት አባቶች እንዳሳደጉት ይተርካል። ወላጅ አባቱ የተማረ፣ በትምህርት መሥሪያ ቤት ከፍ ያለ ሹመት የነበረው፣ ዕድሜውን ሙሉ ግን ከገንዘብ ጭንቀት ያልተላቀቀ ሰው ነው። ሁለተኛው የጓደኛው የማይክ አባት ሲሆን፣ ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ከደሴቶቹ ባለጸጎች አንዱ ለመሆን የበቃ ነጋዴ ነው። ይህ ባለጸጋ በእርግጥ የነበረ ሰው ይሁን ወይስ ለማስተማሪያ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ አሜሪካ ውስጥ ብዙ አከራክሯል። እኔን ብዙም አያስጨንቀኝም። የነፍስ አባት ላለው አንባቢ የገንዘብ አባት ቢጨመርለት ምን ይደንቀዋል?

ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል በእኔ አስተያየት የልጅነቱ ትረካ ነው። ሁለቱ ልጆች ገና የዘጠኝ ዓመት ሳሉ ከጎረቤት የጥርስ ሳሙና ቱቦ ይሰበስባሉ፤ በዚያ ዘመን ቱቦው ከእርሳስ ይሠራ ነበርና አቅልጠው በጀሶ ቅርጽ ውስጥ እያፈሰሱ ሳንቲም ሊሠሩ ይነሣሉ። ገንዘብ ሥራ ቢባሉ ቃሉን እንዳለ ወስደውት ነው። ሐሰተኛ ገንዘብ መሥራት ወንጀል መሆኑን የሚነግራቸው ያው ደሃ የተባለው አባት ነው። በኋላ በባለጸጋው ሱቅ በሰዓት በ10 ሳንቲም ይቀጠራሉ፤ ቀጥሎም ያለ ክፍያ እንዲሠሩ ይደረጋል። በዚህ መካከል ሱቁ ሳይሸጣቸው ቀርተው የሚጣሉ የሥዕል ታሪክ መጽሔቶችን ልብ ይላሉ። እንዳይሸጧቸው ቃል ገብተው ይወስዷቸዋል፤ በማይክ ቤት ምድር ቤት ንባብ ክፍል ይከፍታሉ፤ ከየልጁ ለሁለት ሰዓት 10 ሳንቲም ያስከፍላሉ፤ የማይክን እኅት በሳምንት በ1 ዶላር ቀጥረው ጠባቂ ያደርጓታል። በሳምንት በአማካይ 9 ዶላር ተኩል ይገባቸዋል። ልጆች ተደባድበው ክፍሉ እስኪዘጋ ድረስ ሦስት ወር ያህል ሠርቷል።

ይህ ክፍል የተዋጣው ስብከት ስለሌለበት ነው። የተጣለ ዕቃ፣ ባዶ ክፍል፣ አንዲት ተቀጣሪ፣ ወጪና ገቢ፤ ሁሉም ይታያል፤ ሁሉም ይቆጠራል። ለአማርኛ አንባቢም ባዕድ አይሆንበትም። አራት ኪሎ አካባቢ ሥራ ፈላጊዎች የቅጥር ማስታወቂያ እንዲያነቡ ጋዜጣ በደቂቃ የሚያከራዩ ወጣቶች ሃዋይን ሳያዩ ይህንኑ ደርሰውበታል። አንዱን ጋዜጣ አንድ ጊዜ ገዝተው ደጋግመው ይሸጡታል።

ችግሩ ልጁ አድጎ ቤት መነገድ ሲጀምር ይመጣል። ደራሲው በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፊኒክስ ከተማ ኢኮኖሚ ሲዳከም 75,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት በኪሳራ ጉዳይ ጠበቃ ቢሮ በኩል በ20,000 ዶላር እንዴት እንደሚገኝ ያስረዳል። ለቅድመ ክፍያ የሚሆነውን 2,000 ዶላር ከወዳጁ ይበደራል፤ ለውለታውም 200 ዶላር ይጨምርለታል። ከዚያም ቤቱን በ60,000 ይሸጥና የ40,000 ዶላር ሰነድ በእጁ ያስገባል። ሰነዱን የንግድ ሕጋችን «የተስፋ ሰነድ» ይለዋል፤ ለዚህ መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

አሁን ይህን ገጽ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ምን ይገጥመዋል? እንዲህ ላለው ሽያጭ ያለን ቃል «ሐራጅ» ነው። ቃሉን ከባንክ ማስታወቂያ እናውቀዋለን፤ የተበዳሪው ስም፣ የቤት ቁጥሩ፣ የጨረታው መነሻ ዋጋ ተዘርዝሮ ይወጣል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ዕዳው ካልተከፈለው መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ «ሐራጅ» የሚለውን ያነበበ አዲስ አበቤ የሚታየው ዕቃውን ደጅ ላይ የከመረ ቤተሰብ ነው። በእንግሊዝኛው ገጽ ይህ ቤተሰብ የለም። ቤቱ የማንም አልነበረም፤ ዋጋው ወርዶ ሰው እስኪያነሣው ይጠብቃል። በአማርኛ ግን ባለቤቱ ተመልሶ ይመጣል፤ በአንዲት ቃል ምክንያት። ተርጓሚው ይህን ፈርቶ «በቅናሽ የተገኘ ቤት» ቢል ንባቡ ይለሰልሳል፤ እውነቱም አብሮ ይለሰልሳል። እኔ ብሆን «ሐራጅ»ን አልለቅም።

ሌሎቹም ቃላት እንዲሁ ዝም ብለው አይታዘዙም። መጽሐፉ የቆመው በሁለት ዓምድ ነው፤ ወደ ኪስ ገንዘብ የሚያስገባ «ሀብት» ይባላል፣ ከኪስ የሚያወጣ ደግሞ «ዕዳ»፤ የምትኖርበት ቤትም በዚህ ስሌት ከሀብት አይቆጠርም። ትርጓሜው ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ከብድር ያዳነውም ቅለቱ ይመስለኛል። ነገር ግን «ሀብት» ከግእዙ «ወሀበ» የመጣ፣ ስጦታ ማለት የሆነ ቃል ነው። «ዕዳ»ም እንዲሁ ከሒሳብ መዝገብ ያልፋል። በዓምዱ ስሌት ከሄድን እናትን መጦር ከኪስ ያወጣልና ዕዳ ነው። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር አማርኛ ተናጋሪ ግን አላጋጠመኝም፤ ወንድሙን ያስተማረ ሰውም ዕዳ ገባሁ አይልም። «የገንዘብ ነጻነት» የሚለው የተለመደ አቻ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ሐረጉን ደጋግማችሁ አንብቡት፤ ነጻ የሚወጣው ሰውየው ነው ወይስ ገንዘቡ? «ራስን መቻል» የሚል የቆየ አነጋገር እያለን ለምን እንደተዘለለ አላውቅም። ምናልባት ራስን መቻል ሥራ ማቆምን ስለማይጨምር ይሆናል፤ ኪዮሳኪ የሚያልመው ግን ገንዘብ ለሰው የሚሠራበትን ኑሮ ነው። «ሥራ ፈጣሪ»ም ከፈጣሪ ጋር ስም ተጋርቶ ይከብራል እንጂ ሲነግዱ መክሰር መኖሩን አያስታውስም። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ስሙን ሲሰሙት መንገዱም፣ በረሃውም፣ ሽፍታውም አብሮ ይታይ ነበር።

ከቃሉ በስተጀርባ ደግሞ ሕጉ አለ። መሬት ተሸጦ በሚገዛበት፣ የአክሲዮን ገበያ ባረጀበት፣ አንድ ሰው ብቻውን ኩባንያ አቋቁሞ ግብሩን በሚያቀልበት አገር የተጻፈ ምክር ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የንግድ ሕግ ነው፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም የተመረቀው በጥር 2025 ነው። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ከእነዚህ አንዳቸውም አልነበሩም። ናይሮቢ ላለው አንባቢ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የአክሲዮን ገበያው ከ1954 ጀምሮ አለ፤ መሬትም ይሸጣል። የኬንያ ዜጋ ላልሆነ ሰው ግን በ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 65 መሠረት የሚፈቀደው ከ99 ዓመት ያልበለጠ ሊዝ ብቻ ነው። የራሱን ንግድ ለማቋቋም የሚያስፈልገው የሥራ ፈቃድም 100,000 የአሜሪካ ዶላር ካፒታል ይጠይቃል። የኢስሊው ወጣት ይህ ገንዘብ ቢኖረው ኪዮሳኪን ማንበብ ባላስፈለገው።

እንግዲህ ስልቱ ድንበር ላይ ሲቀር የሚያልፈው ስብከቱ ብቻ ይሆናል፤ ደፋር ሁን፣ ፍርሃትህን አሸንፍ፣ አስተሳሰብህን ለውጥ። ለዓመታት ያተረፈችውን ይዛ ከጅዳ ለተመለሰች ሴት ይህ ምን ይጠቅማታል? ንግዷ ቢከስር ጥፋቱ የአስተሳሰቧ ነው ማለት ነው። ከዚህም የሚያሳስበው፣ እንዲህ ያለ ምክር የተራበ ሰው «ሰው ባመጣህ ቁጥር ትከፈላለህ» ለሚል ድርጅት ቅርብ መሆኑ ነው። ኪዮሳኪ ራሱ በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ የኔትወርክ ግብይትን የዚህ ክፍለ ዘመን ንግድ አድርጎ አወድሷል። ፒራሚዳዊ የሽያጭ ስልት ግን በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ተከልክሏል፤ የሁለቱ ድንበር ደግሞ ለጀማሪ ነጋዴ በቀላሉ አይለይም። የደራሲው ኩባንያ «ሪች ግሎባል» በ2012 ከፍርድ ዕዳ የተነሣ መክሰሩን ማስመዝገቡን እዚህ ላይ ባስታውስ ለማሾፍ አይደለም። ኩባንያው ከሰረ፤ ደራሲው አልከሰረም። ማኅበር የሚጠቅመው ለዚህ እንደሆነ በመጽሐፉ ራሱ አስተምሯል። ከምዕራፎቹ ሁሉ በጥንቃቄ መተርጎም የሚገባው ይህ ነበር፤ አንባቢ ግን ሕግና ግብር ስለበዛበት ዘልሎት ያልፋል።

በአማርኛ ስለ ሀብት የተጻፈ የለም እንዳይባል፣ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም የነበሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አሉ። እርሳቸው በ1919 ካረፉ በኋላ በ1924 የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ስለ ሥራ፣ ስለ ዕውቀት፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ከሌለው ጋር ሲነግድ ማን እንደሚያተርፍ ይመረምራል። አንድን ሰው ባለጸጋ ለማድረግ የተጻፈ አይደለም። ቢሆንም ጉምሩክ ቆመው የሚገባና የሚወጣውን ዕቃ ያዩ ሰው ናቸውና የሚናገሩት ስለሚያውቁት አገር ነው። ቋንቋው ለዛሬ አንባቢ ይከብዳል፤ ከመንገድ ዳር መጻሕፍት መካከልም አይገኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። የመጽሐፉን ሁለት ዓምዶች ወረቀት ላይ አስምሮ የራሱን ኑሮ ለመሙላት የሚሞክር አማርኛ አንባቢ ዕቁቡን የት እንደሚጽፈው ይቸገራል። በመጀመሪያው ዙር ዕጣ ለወጣለት ሰው ዕቁብ ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ ለመጨረሻው ባለዕጣ ደግሞ ቁጠባ። ያው ገንዘብ፣ ያው ዓመት፣ ለአንዱ በዕዳ ለሌላው በሀብት ዓምድ ይገባል። ኬንያውያን «ቻማ» የሚሉት ማኅበርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚህ አካባቢ ስንትና ስንት ሱቅ፣ ስንት ታክሲ፣ ስንት የእንጀራ መሸጫ የተጀመረው ከዚህ በተገኘ ገንዘብ ነው። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰውም ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። መጽሐፉን ወደፊት በአማርኛ የሚያሳትም ቢኖር ከሁለቱ ዓምዶች ሥር ለዚህ ዋስ የምትሆን ሁለት ገጽ ማብራሪያ ቢጨምርበት፣ ደራሲውን አይበድልም፤ አንባቢውም መጽሐፉን ይዞ ወደ ዕቁቡ ዳኛ ዘንድ መሄድ ይችላል።