«ልጅቷ አሁን የት ናት?»
«ድፍረት» ፊልምና የእውነተኛ ወንጀል ትረካ በጤና ባለሙያ ዓይን

«ድፍረት» የተሰኘውን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለከትኩት በሲኒማ አዳራሽ አልነበረም። ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ፣ በተረኞች ማደሪያ ክፍል፣ በአንዲት አነስተኛ ላፕቶፕ ላይ ነበር። መብራት የጠፋበት ምሽት በመሆኑ ባትሪው እስከ ፊልሙ መጨረሻ ያደርሰን እንደሆነ እየተጠራጠርን አምስት ሰዎች ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ ሁለት ነርሶች፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ እኔና የግቢው ጥበቃ። ፊልሙ ሲያልቅ እኛ ባለሙያዎቹ ስለ ተዋንያኑ ችሎታና ስለ ጠበቃዋ ጽናት መነጋገር ጀመርን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጋቢያቸውን ተከናንበው በዝምታ የቆዩት ጥበቃ ግን «ለመሆኑ ልጄ፣ ልጅቷ አሁን የት ናት?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። የሕክምና መጽሔት የፊልም ሒስ ማስተናገዱ የተለመደ ባይሆንም፣ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የእሳቸው ጥያቄ ነው።

ፊልሙን ላላዩት ባልደረቦች ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ በፈረሰኞች ትጠለፋለች፤ ትደፈራለች። ለማምለጥ በምታደርገው ትግል የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ትተኩሳለች፤ ሰውየው ይሞታል። በነፍስ ግድያ የተከሰሰችውን ልጅ ጉዳይ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይዞ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱም ድርጊቷ ራስን መከላከል መሆኑን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። ከዚህ ጉዳይ በመነሣት ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ጽፎ ያዘጋጀው ፊልም በጥር 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ፣ በተከታዩ ወርም በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የጠበቃዋን ገጸ ባሕርይ ሜሮን ጌትነት፣ የልጅቷን ደግሞ ትዝታ ሃገሬ ተጫውተዋል።

ስለ ርእሱ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልሻም። «ድፍረት» በቋንቋችን ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። የውጭ ተመልካች ይህን መንታ ትርጉም የሚያገኘው በማብራሪያ ሲሆን ለእኛ ግን በአንዲት ቃል ውስጥ አብሮ ይሰማል። ነገር ግን ቃሉ የጠበቃ፣ የፖሊስና የጋዜጠኛ ቃል ነው። በቦረና፣ በወግዲና በከላላ ቀበሌዎች ወደ እኛ የምትመጣ ልጅ «ተደፈርኩ» ብላ አፏን ስትከፍት የሰማሁት እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። «ሆዴን ይቆርጠኛል»፣ «ራሴን ያዞረኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» ትላለች። እናቷ ወይም አክስቷ አጠገቧ ከሆኑ ደግሞ ያንንም ቢሆን እነሱ ይናገሩላታል። የፊልሙ ርእስ የሚሰማው ታሪኩ በሌላ ሰው አፍ ከተተረከ በኋላ ነው።

የፊልሙን ብርታት ልመስክር። ጥቃቱን የዓይን መብል አላደረገውም። ከዚያም በላይ የሚያስመሰግነው ወንጀለኛውን አውሬ አድርጎ ከመሣል መቆጠቡ ነው። በሌላው ዓለም ገበያ የደራለት የእውነተኛ ወንጀል ትረካ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ልዩ የሆነ አእምሮ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተጣመመ፣ ርኅራኄ የማያውቅ፣ ጎረቤቶቹን ሁሉ ያታለለ ሰው። ተመልካቹም እንዲህ ያለውን ፍጡር በሩቁ እያየ «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ብሎ ይጽናናል። በጠለፋ ታሪክ ውስጥ ግን ይህ ማጽናኛ አይገኝም። ጠላፊው ወንጀል እየሠራ መሆኑን አያምንም፤ ሚስት እያመጣ ነው። ፈረስ የሚያበድሩት ወዳጆቹ፣ ቤት የምታዘጋጀው እናቱ፣ በማግስቱ ለሽምግልና የሚነሡት አዛውንቶች ሁሉ ጤነኞች ናቸው። ሕጉ ራሱ ለረጅም ጊዜ ከእነሱ ጋር ነበር፤ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት፣ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ስለ ጠለፋው አይጠየቅም ነበር። ይህ ነፃ መውጫ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሲሆን፣ አንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ አድርጓል። ስለዚህ ስለዚህ ወንጀል ሥነ ልቦና መጠየቅ የሚሻ ሰው አንድን በሽተኛ አእምሮ ሳይሆን ብዙ ጤነኛ አእምሮዎች በጋራ ያላዩትን ነገር መመርመር ይኖርበታል። ፊልሙ ሽማግሌዎቹን በዛፍ ሥር አስቀምጦ ሲያነጋግራቸው መሳለቂያ አላደረጋቸውም። እኔም እዚያ ላይ ነው ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት።

ከዚህ በኋላ ግን ቅሬታዬ ይጀምራል። ፊልሙ የልጅቷን ስም ለውጦ «ሂሩት» ብሏታል። ጠበቃዋ ግን በእውነተኛ ስማቸው «መዓዛ» ተብለው ቀርበዋል፤ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የማኅበሩ መሥራች፣ ኋላም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩ ናቸው። የአንዷ ስም ተሸፍኖ የሌላዋ ስም ሲገለጥ መሸፈኛው ምን ያህል ይሸፍናል? ጉዳዩ በዘመኑ በጋዜጣ የወጣ፣ ቢቢሲም ዘጋቢ ፊልም የሠራበት ነበር። ጠበቃዋንና ክሱን የሚያውቅ ሁሉ ልጅቷንም ያውቃታል። ስሟ ከዚያ ወዲህ በብዙ የዜና ማሰራጫዎች ተጽፏል፤ እኔ ግን እዚህ አልደግመውም።

ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካቹ ቦታ ቦታውን ይዞ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። እገዳውን የጠየቀችው ያቺው ልጅ፣ በዚያን ጊዜ ግን የሠላሳ ዓመት ግድም ሴት የነበረችው ባለታሪክ ናት፤ ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ተተርኳል የሚል ነበር አቤቱታዋ። ጉዳዩ በኋላ በስምምነት አልቆ ፊልሙ ለሕዝብ ታየ። ለፊልም ሠሪዎቹ መከራከሪያ አለ፦ ክሱ በግልጽ ችሎት የታየ ነው፣ ስሟም ተለውጧል፣ ዓላማውም በጎ ነው። እነዚህን ሁሉ እቀበላለሁ። ሆኖም እጅግ የሚገርመኝ፣ ስለ አንዲት ልጅ ፈቃድ መጣስ የተሠራ ሥራ ፈቃድ በመጠየቅ ጉዳይ ላይ መሰናከሉ ነው። የዓለም ተመልካች እያጨበጨበላት ሳለ እሷ ዳግመኛ በፍርድ ቤት ደጅ መቆም ነበረባት፤ በዚህ ጊዜ ግን በከሳሽነት።

ስም መለወጥ እንደማይበቃ እኔም በራሴ ጥፋት ተምሬዋለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ ስሠራ የ13 ዓመት ልጅ መርምሬ ለፖሊስ የሕክምና ማስረጃ ጻፍኩ። በሳምንቱ የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ስለ ጥቃት አያያዝ ስንወያይ ታሪኩን ለማስተማሪያነት አቀረብኩት። ስሟን አላነሣሁም፤ ቀበሌዋንም አልጠቀስኩም። ዕድሜዋን፣ በየትኛው ቀን እንደመጣችና የታናሽ ወንድሟን እጅ ይዛ እንደነበር ብቻ ተናገርኩ። በማግስቱ በገበያ መካከል አንድ ነጋዴ «የእገሌ ልጅ ሁኔታ እንዴት ሆነ ዶክተር?» ብሎ ሲጠይቀኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ደጋ ታማሚን የሚገልጠው ስሟ ብቻ አይደለም። የመጣችበት ቀን፣ አብሯት የመጣው ሰው፣ የተሳፈረችበት መኪና ይገልጧታል። በአዲስ አበባ ሚስጥር የሚሆነው በእኛ ዘንድ አዋጅ ነው። ያቺ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ምክንያቱ የኔ አንደበት ብቻ ነበር ለማለት ባልደፍርም፣ ከምክንያቶቹ አንዱ እንዳልነበረ ግን ለራሴ ማሳመን አልቻልኩም።

ከወንጀል ታሪክ ሠሪዎች ጋር የምንገናኘው እዚህ ላይ ነው። እነሱ ካሜራ ሳያነሡ በፊት ታሪኩን መጀመሪያ የምንሰማውና መጀመሪያ የምንጽፈው እኛ ነን። ጤና መኮንኑ የሚጠይቃት፣ ነርሷ የምትደግመው፣ ፖሊስ የሚያስነግራት፣ ዐቃቤ ሕግ የሚያረጋግጥባት፣ ዳኛ የሚያደምጣት አንዲት ልጅ ያንኑ ሌሊት አምስት ጊዜ ትመለስበታለች። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንደተቋቋመው ያሉ የአንድ መስኮት ማዕከሎች የታሰቡት ይህን ምልልስ ለመቀነስ ነው። ከአቀስታ ማዶ ላለች ልጅ ግን እንዲህ ያለው ማዕከል የደሴን ያህል ይርቃታል።

«ተናግራ ይውጣላት» የሚለው ልማዳችንም ቢሆን እርማት ያሻዋል። ከከባድ አደጋ በኋላ ወዲያው፣ በአንድ ቁጭታ፣ የደረሰውን ሁሉ ዘርዝሮ ማስነገር ኋላ የሚመጣውን የድኅረ አደጋ የአእምሮ ሕመም ይከላከላል ተብሎ ለብዙ ጊዜ ይታመን ነበር። ጥናቶች ግን ይህን አላረጋገጡም፤ እንዲያውም አንዳንዶችን እንደሚጎዳ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ የሚመክረውም ተጎጂው እንዲናገር ሳያስገድዱ ማድመጥን፣ ደኅንነቱን መጠበቅን፣ ለሚያስፈልገው ነገር ማገናኘትን ነው። ታሪክን መተረክ የሚፈውሰው ተራኪው ራሱ ባለቤት ሲሆን፣ መቼ እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያቆም ሲወስን፣ ሠልጥኖ በሚያደምጥ ሰው ፊት ሲሆን ነው። ክፍሉ፣ ሰዓቱና አድማጩ በሌላ ሰው ሲወሰን ያው ትረካ ቁስሉን ይቀሰቅሳል፤ ቅዠት፣ መደንበር፣ ከሰው መሸሽ ይከተላል። የፊልም ምረቃ ምሽትም ባለታሪኳ ያልወሰነችው ክፍልና ሰዓት ነው።

በዘርፉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ የትሩማን ካፖቴ «ኢን ኮልድ ብለድ» ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. በካንሳስ ገጠር የተገደሉ የአራት ቤተሰብ አባላትን ታሪክ ይዞ በ1966 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲወጣ ደራሲውን እጅግ አበለጸገው፣ አሳወቀውም። ከቤት ርቀው ይኖሩ ስለነበር የተረፉ ሁለት ታላላቅ እኅቶች ነበሩ። አንባቢ የገዳዮቹን የልጅነት ሕልም ሳይቀር አውቆ መጽሐፉን ሲዘጋ ስለ እነዚህ ሁለት ሴቶች ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ገዳይ ድራማ አለው፤ ቀሪ ኀዘንተኛ ግን የዕለት ኑሮ ብቻ ነው ያለው፣ የዕለት ኑሮ ደግሞ አይሸጥም።

የችሎት ታሪክ ፍርድ ሲሰጥ ያልቃል። የሕክምና ታሪክ ግን በዚያ ቀን አይዘጋም፤ ከታማሚዋ ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀረው ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ነው። የአርሲዋን ልጅ ፍርድ ቤት ነፃ ሲያወጣት ወደ ቀዬዋ እንዳትመለስ የከለከላት የሀገር ሽማግሌ ፍርድ ነበር። የሃያ ዓመት ኑሮዋን ከሁለቱ ፍርዶች የትኛው እንደወሰነው ለመገመት አያዳግትም። በእኛም ደጋ ነፍስ ሲጠፋ ከችሎቱ ጎን ለጎን የሚሄድ ደም የማድረቅ ሥርዓት አለ። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ የገዳይና የሟች ወገን በመሐላ ይታረቃል። በድንገተኛ ክፍል የጥይት ቁስል ሰፍቼ የሸኘሁት ወጣት ከዓመት በኋላ ከተኳሹ ወንድም ጋር በአንድ ገበታ ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ የትኛውም ፍርድ ቤት ያን ባላደረገው ነበር። ፊልሙ ይህን የሥርዓቱን ጥንካሬ በመጠኑ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። ዳሩ ግን በዚያ ገበታ ላይ የሴት ወንበር የለም። የተጠለፈች ልጅ ጉዳይ ሲቀርብ የሚታረቁት አባቷና ጠላፊዋ ናቸው፤ እሷ የዕርቁ ማሰሪያ ትሆናለች።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ በባሕር ዳር በሰባት ዓመት ሕፃን ላይ የተፈጸመው ግፍ አገሩን ሁሉ ባስቆጣ ጊዜ ይህንኑ አሰብኩ። የሕፃኗ ፎቶግራፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር በየጤና ተቋሙ ስልክ ላይ ታይቷል፤ እኛም አስተላልፈነዋል። ነገር ግን ታሪኩን በአደባባይ የተናገረችው እናቲቱ ራሷ ነበረች፤ በፈለገችው ሰዓት፣ ፍትሕን ለመጠየቅ። ይህ ከ«ድፍረት» ይለየዋል። ቁጣው ከበረደ በኋላ እናቲቱን ማን ጠየቃት የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ፍርድ ቤቱ እገዳ ያነበብኩት ፊልሙን ካየን ከወራት በኋላ ነበር። በሚቀጥለው ተረኛ ምሽቴ ወደ በሩ ሄጄ ለጥበቃው ነገርኳቸው፦ ልጅቷ በሕይወት አለች፣ አድጋለች፣ ፊልሙ ያለ ፈቃዴ ተሠራ ብላም ከሳለች። ዱላቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ጥቂት አሰቡ። «እሰይ! አፍ አላት ማለት ነው» አሉ። ከዚያም የጥርስ ሕመማቸው እንደተነሣባቸው ነግረውኝ መድኃኒት እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ።